ከሳኦ ፓውሎ ቦነስ አይረስ፦ ስለ በረራው ርቀትና የጉዞ ሰዓት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በብራዚሏ ሳኦ ፓውሎና በአርጀንቲናዋ ቦነስ አይረስ መካከል በየቀኑ ብዙ አውሮፕላኖች ይመላለሳሉ። የኢትዮጵያ አየር መንገድም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሳኦ ፓውሎ በኩል ቦነስ አይረስ ስለሚደርስ ጥያቄው ለእኛ መንገደኞችም አዲስ አይደለም። መልሶቹን ያዘጋጀናቸው ትኬት ሊቆርጥ ላሰበ ሰው ነው።

ርቀቱ ስንት ኪሎ ሜትር ነው?

ከሳኦ ፓውሎ ጓሩልዮስ ኤርፖርት እስከ ቦነስ አይረስ ኤዜይዛ ኤርፖርት ቀጥታው ወደ 1,720 ኪሎ ሜትር ነው። የሚያርፉት በሁለተኛው የቦነስ አይረስ ኤርፖርት በኤሮፓርኬ ከሆነ ወደ 1,695 ኪሎ ሜትር ይወርዳል። ከከተማ መሃል እስከ ከተማ መሃል ሲለካ ደግሞ 1,675 ገደማ ነው።

ታዲያ አንዱ ቦታ 1,070፣ ሌላው ቦታ 930 የሚለው ለምንድን ነው?

መለኪያው ስለሚለያይ ነው። 1,070 የየብስ ማይል ነው። 930 ደግሞ አብራሪዎች የሚጠቀሙበት የባሕር ማይል (ኖቲካል ማይል) ሲሆን አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር ነው። ሁለቱም በአማርኛ «ማይል» ተብለው ሲጻፉ ግራ ያጋባሉ፤ ርቀቱ ግን ያው ነው።

አውሮፕላኑ በተግባር የሚበረው ከዚህ ትንሽ ይረዝማል። ቀጥታው መስመር በሉል ላይ የሚሰመረው አጭሩ መንገድ ነው። አውሮፕላኑ ግን ከመንደርደሪያው ከተነሣ በኋላ የተመደበለትን መውጫ መስመር ይከተላል፣ ለማረፍም ተራውን ጠብቆ ዞሮ ይገባል። ስለዚህ የተበረረው ርቀት ከካርታው በብዙ አሥር ኪሎ ሜትሮች ቢበልጥ አይገርምም።

በረራው ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ወደ ቦነስ አይረስ ሲሄዱ ትኬቱ ላይ የሚጻፈው አብዛኛውን ጊዜ ከ2 ሰዓት ከ50 ደቂቃ እስከ 3 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ነው። ወደ ሳኦ ፓውሎ ሲመለሱ ከ2 ሰዓት ከ30 እስከ 2 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይሆናል።

ይህ የሚቆጠረው ከጌት እስከ ጌት ነው፦ አውሮፕላኑ ከቆመበት ወደ ኋላ ከተገፋበት ደቂቃ ጀምሮ ሌላው ኤርፖርት ላይ ገብቶ እስኪቆም ድረስ። አየር ላይ የሚቆዩት ከዚህ ያነሰ ነው። ጓሩልዮስ በጣም ስለሚጨናነቅ ለመነሣት ወረፋ መያዝ የተለመደ ነው፤ አየር መንገዶችም ይህን አስልተው መርሐ ግብራቸው ላይ ደቂቃ ይጨምራሉ። «ዘግይተን ተነሥተን በሰዓታችን ደረስን» የሚባለው ለዚህ ነው፤ አብራሪው ስለፈጠነ አይደለም።

መሄጃው ከመመለሻው ለምን ይረዝማል?

በነፋስ ምክንያት ነው። ከ9 እስከ 12 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ፣ በደቡብ ብራዚልና በኡራጓይ ሰማይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ የአየር ጅረት አለ፤ ጄት ስትሪም ይሉታል። ጉልበቱ የሚበረታው በእነሱ ክረምት ማለትም ከሰኔ እስከ ነሐሴ ባሉት ወራት ነው። ወደ ቦነስ አይረስ የሚሄድ አውሮፕላን አፍንጫው ወደ ደቡብ ምዕራብ ስለሆነ ነፋሱ ከፊት ይገፋዋል፤ የሚመለሰውን ከኋላው ይረዳዋል።

በቁጥር እንየው። ቦይንግ 737 ወይም ኤርባስ ኤ320 በሙሉ ከፍታው ላይ በአየር ውስጥ በሰዓት 830 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል እንበል። ነፋሱ በትክክል ከምዕራብ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ይነፍስ። የአውሮፕላኑ አቅጣጫ 220 ዲግሪ፣ ነፋሱ የሚመጣው ከ270 ዲግሪ ስለሆነ በመካከላቸው 50 ዲግሪ አለ። ስለዚህ ፊት ለፊት የሚገጥመው የነፋሱ 64 በመቶ ብቻ ነው፤ ማለትም 96 ኪሎ ሜትር። ሲሄድ መሬት ላይ ሲለካ ፍጥነቱ 734 ይሆናል፣ ሲመለስ 926። 1,720ን ለሁለቱ ቢያካፍሉ 2 ሰዓት ከ21 ደቂቃና 1 ሰዓት ከ51 ደቂቃ ያገኛሉ፤ የግማሽ ሰዓት ልዩነት። ለመውጣት፣ ለመውረድና መሬት ላይ ለመንዳት ወደ 35 ደቂቃ ሲጨመርበት ትኬቱ ላይ ካለው ሰዓት ጋር ይገጥማል።

ነፋሱ ደካማ በሆነባቸው ቀናት ልዩነቱ ወደ አሥር ደቂቃ ሊወርድ ይችላል።

በሁለቱ ከተሞች መካከል የሰዓት ልዩነት አለ?

የለም። ሁለቱም ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። ቀድሞ ብራዚል በበጋ ሰዓቷን አንድ ሰዓት ወደፊት ታደርግ ስለነበር የድሮ ጽሑፎች ላይ «እንደ ወሩ ይለያያል» የሚል ያጋጥማል። ብራዚል ይህን በ2019 እ.ኤ.አ. አቁማለች፤ አርጀንቲና ከዚያ ቀደም ብላ ትታዋለች።

ሰዓቱ አንድ ይሁን እንጂ ፀሐይዋ አንድ አይደለችም። ቦነስ አይረስ ወደ ምዕራብም ወደ ደቡብም ራቅ ስለምትል በሰኔ መጨረሻ ጀንበር የምትወጣው በእነሱ አቆጣጠር 8:00 ገደማ ነው፤ ሳኦ ፓውሎ ላይ ከ7:00 በፊት ወጥታለች። በታኅሣሥ ደግሞ ቦነስ አይረስ ላይ ምሽት 8:00 ሲሆን ገና ብርሃን ነው። ማለዳ ደርሰው ቀጠሮ ያለዎት ከሆነ ይህን አይርሱት፤ በሰኔ ጠዋት 7:00 ላይ ከኤርፖርት ሲወጡ ድቅድቅ ጨለማ ነው።

ከኢትዮጵያስ ጋር?

በስድስት ሰዓት ወደ ኋላ ናቸው። እዚህ ላይ ለእኛ ብቻ የምትጠቅም አጋጣሚ አለች። የእኛ አቆጣጠር ከዓለም አቀፉ የሚለየው በስድስት ሰዓት ስለሆነ፣ በሐበሻ አቆጣጠር የተሞላ የእጅ ሰዓት ሳኦ ፓውሎም ቦነስ አይረስም ላይ ሳይነካ በትክክል ይሠራል። አዲስ አበባ ከቀኑ 8 ሰዓት ሲሆን ሳኦ ፓውሎ ከጠዋቱ 8:00 ነው። አዲስ አበባ ከምሽቱ 2 ሰዓት ሲሆን እዚያ ከቀትር በኋላ 2:00 ነው። ቁጥሩ ያው ሆኖ የሚለወጠው ቀንና ሌሊቱ ነው። ቤተሰብ ጋር ስልክ ለመደወል ከዚህ የቀለለ ስሌት የለም።

ወጥመዱ ያለው ትኬቱ ላይ ነው። ትኬት ላይ «12 ቀን 00:50» ከተባለ በእኛ ልማድ የ11ኛው ቀን ሌሊት ከ6 ሰዓት ከ50 ነው። ለእኛ ቀኑ ሲነጋ ስለሚለወጥ «12 ቀን ሌሊት» ብሎ አንድ ቀን ሙሉ ዘግይቶ ኤርፖርት የሚሄድ ሰው አለ። ከእኩለ ሌሊት እስከ 06:00 ባለው ጊዜ የሚነሣ በረራ ካለዎት ሻንጣዎ በቀደመው ቀን ማታ መኪና ላይ መጫን አለበት።

የትኛውን ኤርፖርት ልምረጥ?

የጉዞው ቀን ቀላል ወይም ከባድ የሚሆነው በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው። ከነፋሱም ከአውሮፕላኑ ዓይነትም ይልቅ የኤርፖርቱ ምርጫ ብዙ ሰዓት ይሰጣል ወይም ይወስዳል።

ሳኦ ፓውሎ ሦስት ኤርፖርቶች አሏት። የውጭ አገር በረራ በአብዛኛው የሚነሣው ከጓሩልዮስ (ጂ.አር.ዩ) ነው፤ ከመሃል ከተማ 25 ኪሎ ሜትር ያህል በሰሜን ምሥራቅ ይገኛል። ኮንጎኛስ ከተማው ውስጥ ያለ፣ ለአገር ውስጥ በረራ የሚያገለግል ነው። ሦስተኛው ቪራኮፖስ ካምፒናስ በምትባል ሌላ ከተማ ሲሆን ከሳኦ ፓውሎ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ይርቃል። አንዳንድ የትኬት መፈለጊያዎች ሦስቱንም «ሳኦ ፓውሎ» ብለው አንድ ላይ ያወጧቸዋል፤ ርካሽ ሆኖ ያገኙት ትኬት ከቪራኮፖስ ከሆነ የታክሲው ዋጋ ቅናሹን ይበላዋል።

ቦነስ አይረስ ሁለት አሏት። ኤዜይዛ (ኢ.ዜድ.ኢ) ከመሃል ከተማ ከ30 ኪሎ ሜትር በላይ በደቡብ ምዕራብ ነው። ኤሮፓርኬ (ኤ.ኢ.ፒ) ፓሌርሞ ሰፈር ውስጥ፣ ከላ ፕላታ ወንዝ ዳር ተለጥፎ ያለ ነው፤ መንገዱ ክፍት ከሆነ ከመሃል ከተማ በ20 ደቂቃ ይደረሳል። የመጨረሻ መድረሻዎ ከተማዋ ከሆነች ኤሮፓርኬ የሚያርፈውን ይምረጡ፤ ዋጋው ትንሽ ቢበልጥም እንኳ። ረጃጅሙን በረራ የሚያደርጉት ትልልቅ አውሮፕላኖች ግን ኤዜይዛ ነው የሚያርፉት።

ከቦነስ አይረስ አልፈው ወደ ባሪሎቼ፣ ኡሹዋያ ወይም ኢጓሱ የሚሄዱ ከሆነ ሁለተኛው በረራዎ ከየትኛው ኤርፖርት እንደሚነሣ ያረጋግጡ። ከኤዜይዛ ወደ ኤሮፓርኬ በመኪና 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ ከተማዋን ማቋረጥ ይጠይቃል። ሻንጣ ተቀብሎ፣ በጉምሩክ አልፎ፣ መኪና ይዞ፣ እንደገና ቼክ-ኢን ለማድረግ በመካከል ከአምስት ሰዓት ያነሰ ባይሆን ይመረጣል።

ከአዲስ አበባ እንዴት ይኬዳል?

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ሳኦ ፓውሎ መብረር የጀመረው በ2013 እ.ኤ.አ. ነው፤ መስመሩን ወደ ቦነስ አይረስ ያስረዘመው በ2018 እ.ኤ.አ. ነው። ከአዲስ አበባ ሳኦ ፓውሎ ቀጥታው ርቀት ወደ 9,930 ኪሎ ሜትር ሲሆን በረራው 12 ሰዓት ገደማ ይወስዳል። ከዚያ በኋላ ያለው ከላይ የተነጋገርንበት የሦስት ሰዓት ጉዞ ነው።

በሳምንት የሚበረርባቸው ቀናት ስለሚለዋወጡ የጉዞ ቀንዎን ከመወሰንዎ በፊት መርሐ ግብሩን ይመልከቱ። አንድ አየር መንገድ ከራሱ አገር ተነሥቶ በሁለት የውጭ አገሮች መካከል መንገደኛ የማሳፈር ፈቃድ በአቪዬሽን ቋንቋ «አምስተኛው ነጻነት» ይባላል። በዚህ መስመር ላይ እንዲህ የሚበሩ የሌላ አህጉር አየር መንገዶች ስላሉ፣ ሳኦ ፓውሎ ላለ መንገደኛ የሦስት ሰዓቱን ጉዞ በትልቅ አውሮፕላን መሄድ አንዳንዴ ከደቡብ አሜሪካ አየር መንገዶች ባልበለጠ ዋጋ ይገኛል። ሰፊ ወንበርና ትኩስ ምግብ ለሚፈልግ ማየቱ አይከፋም።

ሳኦ ፓውሎ ላይ ትራንዚት ካደረግሁ የብራዚል ቪዛ ያስፈልገኛል?

በኢትዮጵያ ፓስፖርት ብራዚል ለመግባትም አርጀንቲና ለመግባትም ቪዛ ያስፈልጋል። ሁለቱም አገሮች አዲስ አበባ ላይ ኤምባሲ አላቸው። ትራንዚትን በተመለከተ መልሱ ያለው ትኬትዎ ላይ ነው።

ጉዞው በሙሉ በአንድ ትኬት ከሆነና ሻንጣዎ እስከ ቦነስ አይረስ ከተላከ፣ ጓሩልዮስ ላይ ከዓለም አቀፉ የትራንዚት ክልል ሳይወጡ ይጠብቃሉ። ኢሚግሬሽን ስላልተሻገሩ የብራዚል ቪዛ አይጠየቁም፤ የአርጀንቲናው ግን አዲስ አበባ ላይ ቼክ-ኢን ሲያደርጉ ይታያል።

ሁለት የተለያዩ ትኬቶች ከገዙ ነገሩ ሌላ ነው። የመጀመሪያው አየር መንገድ ሻንጣዎን የሚያወርደው ሳኦ ፓውሎ ላይ ነው። ያን ሻንጣ ለመቀበል ኢሚግሬሽን ማለፍ ግድ ነው፤ ለማለፍ ደግሞ ቪዛ ያስፈልጋል። ቪዛ የሌለው መንገደኛ ከመነሻው ላይሳፈር ይችላል፤ ሁለተኛው ትኬት ደግሞ ተመላሽ ገንዘብ የሌለው ዓይነት ከሆነ ይቃጠላል። «በመቶ ዶላር ረከሰ» ተብሎ የተገዛ ትኬት ሙሉ ጉዞውን ሲያሰናክል የሚታየው በአብዛኛው እንዲህ ነው።

የአሜሪካ ፓስፖርት የያዙ ትውልደ ኢትዮጵያውያንም ልብ ይበሉ፦ ብራዚል ከኤፕሪል 10 ቀን 2025 ጀምሮ ለአሜሪካ፣ ለካናዳና ለአውስትራሊያ ዜጎች ቪዛ መጠየቅ ጀምራለች፤ በኢንተርኔት የሚሞላ ነው። የአሜሪካ ፓስፖርት ለአርጀንቲና የቱሪስት ጉዞ ቪዛ አይጠየቅበትም። ስለዚህ ቦነስ አይረስን በነጻ ገብቶ፣ ሲመለስ ሳኦ ፓውሎ ላይ ሁለት ቀን ላሳልፍ ያለ ሰው ችግር የሚገጥመው በመልሱ ነው።

በሁለት በረራዎች መካከል ስንት ሰዓት ልተው?

በአንድ ትኬት ከሆነ ሁለት ሰዓት ይበቃል፤ ቢያመልጥዎ እንኳ በሚቀጥለው በረራ የማሳፈር ግዴታው የአየር መንገዱ ነው። በተለያየ ትኬት ከሆነ ከአምስት ሰዓት በታች አያድርጉት። ጓሩልዮስ ላይ ረጃጅሞቹ የውጭ በረራዎች የሚያርፉት በአብዛኛው ተርሚናል 3 ሲሆን አንዳንድ የደቡብ አሜሪካ በረራዎች ከተርሚናል 2 ይነሣሉ። ሁለቱ በእግር ይገናኛሉ፤ ሻንጣ እየገፉ ግን ቀላል ርቀት አይደለም። ተርሚናል 1 ለብቻው ስለሆነ በአውቶቡስ ነው የሚደረሰው።

በአገር ውስጥ በረራ ኮንጎኛስ አርፈው ጓሩልዮስ የሚቀጥሉ ከሆነ በመካከሉ የሳኦ ፓውሎ ትራፊክ አለ። ከቀትር በኋላ ዝናብ ከጣለ ያ መንገድ ሁለት ሰዓት ሊፈጅ ይችላል።

ሻንጣ ስንት ኪሎ ይፈቀዳል?

ብራዚል ውስጥ በሕግ የተቀመጠው ዝቅተኛው የእጅ ሻንጣ 10 ኪሎ ነው። ከዚያ በላይ ያለው እንደ ትኬቱ ዓይነት ይለያያል። ከአዲስ አበባ የሚመጣ መንገደኛ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ለምዷል፤ የደቡብ አሜሪካ አየር መንገዶች ርካሽ ትኬት ግን አንድም የሚጫን ሻንጣ ላይኖረው ይችላል። አንዳንዱ ትኬት እንዲያውም ከወንበር ሥር ከምትገባ ቦርሳ በላይ አይፈቅድም። ክፍያው በኢንተርኔት አስቀድሞ ሲፈጸም ይቀንሳል፤ ባንኮኒው ላይ ይጨምራል፤ ጌት ላይ ደግሞ ከሁሉም ይከፋል።

በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቆሎ ለዘመድ የያዘ ሰው አርጀንቲና ሲገባ የዕፅዋትና የእንስሳት ምርት ቁጥጥር እንዳለ ይወቅ። ያሳውቁ፤ ያልተነገረ ነገር ሲገኝ ይወሰዳል። ቅቤና ቋንጣ ቤት ቢቀሩ ይሻላል።

የቢጫ ወባ ክትባት ግዴታ ነው?

ለመሄድ ብቻ ሳይሆን ለመመለስም ያስቡበት። ብራዚል የቢጫ ወባ ስጋት ካለባቸው አገሮች አንዷ ስትሆን፣ ኢትዮጵያ ከእንዲህ ዓይነት አገር የሚመጣ መንገደኛን የክትባት ካርድ ትጠይቃለች። ክትባቱ ከጉዞው 10 ቀን አስቀድሞ መወሰድ አለበት። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ካርዱ ለዕድሜ ልክ ያገለግላል፤ «10 ዓመት አለፈው» ተብለው ቢጠየቁ ይህን ይንገሯቸው። ካርዱ ከፓስፖርቱ ጋር የእጅ ቦርሳ ውስጥ ይሁን፣ ከሚጫነው ሻንጣ ጋር አይሂድ።

ከሆቴል በር እስከ ሆቴል በር ስንት ሰዓት ልያዝ?

ሳኦ ፓውሎ ፓውሊስታ ጎዳና ካለ ሆቴል እስከ ጓሩልዮስ ከአንድ እስከ አንድ ሰዓት ተኩል። ኤርፖርት ላይ ከመነሻው ሦስት ሰዓት ቀድሞ መገኘት ይመከራል፤ የቼክ-ኢን ባንኮኒ በአብዛኛው አንድ ሰዓት ሲቀረው ይዘጋል። በረራው ሦስት ሰዓት። ኤዜይዛ ላይ ለፓስፖርትና ለሻንጣ 45 ደቂቃ፣ ወደ ከተማ አንድ ሰዓት። ድምሩ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ነው። ኤሮፓርኬ ካረፉ ከአርባ ደቂቃ በላይ ይተርፋል። «ሦስት ሰዓት ነው» ተብሎ ከቀትር በፊት ተነሥቶ ማታ ስብሰባ መያዝ ስለዚህ አያዋጣም።

ወጪ ለመቀነስ፦ ከጓሩልዮስ ወደ ታቱአፔ ሜትሮ ጣቢያ የሚሄድ አውቶቡስ አለ፣ ከ2018 እ.ኤ.አ. ወዲህም የባቡር መስመር ተዘርግቷል። ከኤዜይዛ ቁጥር 8 የከተማ አውቶቡስ በጣም ርካሽ ነው፤ ግን ወደ ሁለት ሰዓት ይወስዳል፣ ለመክፈልም «ሱቤ» የሚባለው ካርድ ያስፈልጋል። ሻንጣ የበዛበት ሰው አይሞክረው።

በረራ የሚስተጓጎለው በየትኛው ወቅት ነው?

ሁለት ጠላቶች አሉት፤ ጉምና ነጎድጓድ። ጉሙ የክረምት ማለዳ ነው፣ ከግንቦት እስከ ነሐሴ። ጓሩልዮስ የተሠራበት ሰፈር ኩምቢካ ይባላል፤ በነባሩ የቱፒ ቋንቋ «ዝቅ ያለ ደመና» ማለት ነው ይላሉ፤ ኤርፖርቱን ለሚያውቅ ሰው ስሙ አይገርመውም። ቦነስ አይረስም ከወንዙ እርጥበት የተነሣ በጉም ትሸፈናለች፤ አንዳንዴ ሁለቱም ኤርፖርቶቿ ይዘጋሉ። ያኔ አውሮፕላኖች ወደ ሞንቴቪዴዮ፣ ሮሳሪዮ ወይም ኮርዶባ ይዞራሉ። በእነዚህ ወራት ጠዋት ቀጠሮ ያለው ሰው ከቀትር በኋላ ባለው በረራ በዋዜማው ቢሄድ ይሻለዋል።

ነጎድጓዱ የበጋ ከሰዓት በኋላ ነው። ከታኅሣሥ እስከ መጋቢት ሳኦ ፓውሎ ላይ ከቀትር በኋላ ደመናው ይከማችና ምሽት ላይ ይፈነዳል፤ መብረቅ ሲበረታ መሬት ላይ ያሉ ሠራተኞች ሥራ ስለሚያቆሙ ጭነትም ነዳጅም ይቆማል። በዚህ ወቅት በተቃራኒው የማለዳው በረራ ይመረጣል። በደቡብ ብራዚል፣ በኡራጓይና በሰሜን አርጀንቲና ሰማይ የሚነሣው ማዕበል በዓለም ላይ ካሉት ከባዶች የሚቆጠር ነው። አብራሪዎች ዙሪያውን ያልፉታል፤ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ሊጨምር፣ የቡና አገልግሎቱም ሊቋረጥ ይችላል። ቀበቶዎን ምልክቱ ጠፍቶም ቢሆን አይፍቱ።

በረራዬ ቢዘገይ ምን የመጠየቅ መብት አለኝ?

ከብራዚል የሚነሣ በረራ ከሆነ የአገሪቱ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን (አናክ) ደንብ ቁጥር 400 ይሠራል። አንድ ሰዓት ከዘገየ ስልክ ወይም ኢንተርኔት፣ ሁለት ሰዓት ከዘገየ ምግብ፣ አራት ሰዓት ከዘገየና ማደር ካስፈለገ ሆቴልና መጓጓዣ። አራት ሰዓት ሲሞላ ገንዘብ ማስመለስ ወይም በሌላ በረራ መሄድንም መምረጥ ይችላሉ። ምክንያቱ የአየር ሁኔታ ቢሆንም እንኳ ይህ እንክብካቤ አይቀርም። ባንኮኒው ላይ ሄደው ካልጠየቁ ግን ራሱ አይመጣም፤ ቦርዲንግ ፓስዎን ይዘው ይሂዱ፣ የተነገረዎትን ሰዓትም በስልክዎ ፎቶ ያንሡ። ቪዛ የሌለው የትራንዚት መንገደኛ ከኤርፖርት ወጥቶ ሆቴል ማደር ላይችል ስለሚችል ያንኑ እዚያው ይንገራቸው።

የትኛው መስኮት ይሻላል?

ሲሄዱ የግራው። መጀመሪያ ግማሽ ሰዓት ገደማ የአትላንቲክን ዳርቻና በደን የተሸፈነውን የሴራ ዶ ማር ተራራ ሰንሰለት ያያሉ። ከዚያ መስመሩ ወደ ውስጥ ገብቶ በሳንታ ካታሪናና በሪዮ ግራንዴ ዶ ሱል ደጋዎች ያልፍና የኡራጓይን የግጦሽ ሜዳ ያቋርጣል፤ ይህ ክፍል ከብትና ሣር ካልወደዱ ብዙም አይታይበትም። መጨረሻ ላይ የሚታየው ሰፊ ቡናማ ውኃ ባሕር አይደለም፤ የፓራና ወንዝ ያመጣው ደለል ያቀለመው የላ ፕላታ ወንዝ ነው። ኤሮፓርኬ ላይ መንደርደሪያው ከወንዙ ጎን ለጎን ስለተዘረጋ፣ ከተማዋ በቀኝ ወይም በግራ የምትታየው እንደ ዕለቱ ነፋስ ነው።

በአውቶቡስ መሄድስ?

ይቻላል። በመንገድ ርቀቱ ከ2,200 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል፣ ጉዞውም አንድ ቀን ተኩል ያህል ነው። የሳኦ ፓውሎ መነሻ የቲዬቴ አውቶቡስ ተራ፣ የቦነስ አይረስ መድረሻ ሬቲሮ ነው። ድንበሩ የሚሻገረው በኡራጓይ ወንዝ ድልድይ፣ በኡሩጓያናና በፓሶ ዴ ሎስ ሊብሬስ መካከል ነው። የሜርኮሱር (የደቡብ አሜሪካ የጋራ ገበያ) አገሮች ዜጎች በመታወቂያቸው ሲያልፉ የውጭ አገር ፓስፖርት የያዘ ሰው ማኅተም ማስመታት አለበት። የብራዚል መውጫ ማኅተም ሳይመታ አውቶቡሱ ከተንቀሳቀሰ ሹፌሩን ያስቁሙ፤ ቀጥሎ ብራዚል ሲገቡ ቅጣት ሊጠብቅዎት ይችላል።